አለባቸውን የገደለችው ቃል

ባለፈው ሳምንት፣ የድሮ ተማሪዎች በስልክ በከፈትነው ማኅበር ውስጥ የአንድ ጓደኛችን ስም ብቅ አለ። ከስሙ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ «ሌፍት» ይላል። ሰባን ተሻግረን ወደ ሰማንያው በተጠጋን ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ሲነበብ ልብ ቀጥ ይላል። ስደውልለት፣ «ኧረ አለሁ! ጣቴ ነክቶት ወጥቼ ነው መሰለኝ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ከዚህች ቃል ጋር የቆየ ጉዳይ አለኝ።

ቃሏን መጀመሪያ ያወቅኳት በእግሬ ነው። በጃንሆይ ዘመን ጎንደር ስማር፣ ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ «ሌፍት፣ ራይት» እየተባልን ወደ ክፍል እንገባ ነበር። ግራ ማለት ናት፣ አለቀ። ቆይቶ ህንዳዊው መምህራችን ያችው ቃል «ሄደ»ም «ተወ»ም «ቀረ»ም እንደምትሆን ሲነግረን ተናደድኩ። ሄደና ቀረ እንዴት በአንድ ቃል ይባላሉ? አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ቀስ ተብሎ የሚጠና ነገር አልወድም። ወንበር ላይ ስቀመጥ እንኳ እግሬ አያርፍም፤ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ለመሄድ እቸኩላለሁ፣ ወዴት ብባል ግን መልስ የለኝም። መምህሩ አስረድቶ ሳይጨርስ «ገባኝ» እላለሁ።

የምኖረው ከእናቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ታከለ ጋር ነበር። አያ ታከለ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። ልኬት ሊሰጥ ለመጣ ሁሉ፣ «የእህቴ ልጅ የፈረንጅ ወረቀት እንደ ዳዊት ነው የሚወጣው» ይላል። እኔም አልጠላውም። ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ የሻረግ፣ ከኮሶዬ አለፍ ብሎ ባለ መንደር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት ልጅ አለባቸው ብቻ ነው። እሱ መንገድ ሥራ ገብቶ ድንጋይ እግሩ ላይ ተንከባሎበት አሥመራ ሆስፒታል ወሰዱት። አራት ወር ሙሉ ወሬው ጠፋ። አክስቴ ወደ ጎንደር በሚወርድ ሰው ሁሉ፣ «ምነው፣ ከልጄ ምንም የለም?» እያለች ትልክ ነበር።

በጥቅምት፣ ባቄላው እሸት ሆኖ ገበያው አረንጓዴ ብቻ ሲሆን፣ በአውሮፕላን አንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ፈረንጅ አስታማሚ ናት። ቆሜ አነበብኩት። አለባቸው ማክሰኞ ጠዋት «ሌፍት አስ» ይላል። አስ ማለት እኛን ማለት ነው፤ እንግዲህ ተለየን ማለቷ ነው። ተለየን ሲባል በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ዝቅ ብሎ፣ እዚህ ልናደርግለት የምንችለው ነገር አልቀረም ይላል፤ እዚያም ሌፍት አለች። ጋቢውን ትቷል፣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ ይላል፤ አሁንም ሌፍት። መጨረሻ ላይ ስለ ግራ እግሩ የሆነ ነገር አለ። ከበደኝና፣ የሞተ ሰው እግር ምን ያደርጋል ብዬ አለፍኩት።

«ምን ይላል?» አለኝ አያ ታከለ፣ መርፌውን እንደያዘ።

«አያ ታከለ... አለባቸው ተለይቷል።»

መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ካለቀሰ በኋላ መጀመሪያ ያሰበው እህቱን ነው። ከገበያ ሰው አፍ እንዳትሰማው ቶሎ መሄድ አለብን፤ መርዶ ደግሞ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። ለኮሶዬ ሽማግሌዎች በዕለቱ መኪና መልእክት ላከ። እኛ በማግስቱ ተነሣን።

በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሥራ ፈት እጄ ደብዳቤውን አወጣ። ያለፍኳትን መስመር ደጋገምኳት። «በየቀኑ» የሚል አለ። «ማጠብ» የሚል አለ። «አለበት» የሚል አለ። ግራ እግሩ በየቀኑ መታጠብ አለበት። የማን እግር? በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ማክሰኞ ሄደ። ሄደ ማለት እኮ ተሳፍሮ ሄደ ማለት ሊሆን ይችላል!

አያ ታከለ ፊቴን አየ። «ምነው? እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

መኪናው ኮሶዬ ደርሶ እየቆመ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገድ ዳር ቆመዋል። አንዱ ቄስ ናቸው። ሁሉም እኔን፣ ወረቀቱን ያነበበውን፣ ያያሉ። «አዎ» አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ አክስቴ ላም ልታልብ ወጥታ አገኘናት። «ምነው አያ ታከለ? በጠዋቱ በደኅና ነው?» አለች። ከኋላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሽማግሌዎች አየች። ቅሉ ከእጇ ወደቀ፤ በሁለት እጇ ፊቷን ነጨችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጸጉሬን ተላጨሁ። ዳሱ ውስጥ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ እግሩ የሚለውን ዘለልኩት። ውኃ ላምጣ፣ እንጨት ልፍለጥ እያልኩ እነሣለሁ፤ እግሬ የሚወስደኝ ግን ወደ መኪናው መንገድ ነው። ከደባርቅ በኩል የሚመጣውን ሁሉ ስቆጥር እውላለሁ። ይምጣ እላለሁ፣ ደግሞ አይምጣ እላለሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ከመጣ ጉዴ ይወጣል፤ ካልመጣ ግን ያው የፈረንጅ ወረቀት አንባቢ ሆኜ እቀራለሁ።

በስምንተኛው ቀን አንድ መኪና ቆመና አለባቸው በምርኩዝ ወረደ። ከስቷል። «ዛሪማ ላይ የማኪናዋ ባሌስትራ ተሰብሮ፣ በዚያ ሐሩር ሳምንት ሙሉ ከረምን» እያለ ሊስመኝ ሲጠጋ የተላጨ ራሴን አየ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና፣ «እናቴ ሰምታለች?» አለ። አቀረቀርኩ። ከመኪናው መንገድ እስከ ቤት ያለውን ዳገት በምርኩዝ እንዴት እንደወጣው አላውቅም፤ እኔ በደኅና እግሬ ኋላው ቀረሁ።

አክስቴ ስታየው አልጮኸችም። ፊቱን ዳበሰች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሩን ዳበሰች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እልልታው የቀለጠው በኋላ ነው። አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን ብሎ ነበር ወረቀቱ?» አለ። አስረዳሁ፤ ግራ፣ ሄደ፣ ቀረ፣ ተወ። «አንድ ቃል ይህን ሁሉ?» አሉ ቄሱ እያማተቡ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከቤቱ ጀርባ ተደብቄ ሳለሁ አክስቴ አሬራ በቅል ይዛልኝ መጣች። ጉንጯ ላይ የነጨችው ገና አልደረቀም። «ጠጣ ልጄ» አለችኝ። «አንተም እኮ ወንድምህ ሞቶብህ ነው የሰነበትከው። እህል አልቀመስክም፣ አይቼሃለሁ። ጥፋቱ የቃሉ ነው፣ ያንተ አይደለም።»

«አዎ፣ የቃሉ ነው» አልኳትና ጠጣሁ።

በኋላ እኔም የእንግሊዝኛ መምህር ሆንኩ፤ ይህች ቃል ስትደርስ ቶሎ ጨርሼ ወደ ሌላው አልፋለሁ። አክስቴ ጉንጯ ላይ ባሉት ሁለት ጠባሳዎች አርጅታ ሞተች። አለባቸው እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ዐምና ድረስ፣ በየሠርጉ «ፈረንጅ የገደለኝ ጊዜ» እያለ ሲያስቅበት ኖረ፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ሁሉም ቃሏን ወቀሱ፣ እኔም ስወቅሳት ኖርኩ። አያ ታከለ መኪናው ላይ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ ግን፣ የጠየቀኝ በአማርኛ ነበር።