ዘይት የነካው ጓንት

የልጄን አሮጌ ጓንት ከመሳቢያው ባወጣሁ ቁጥር ቀድሞኝ የሚመጣው ሽታው ነው። ላብ፣ ላስቲክ፣ ከሥሩ ደግሞ የወይራ ዘይት። ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ላጫውትሽ።

ልጄ ያን ጊዜ ሳን ሆዜ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወት ነበር። ሥራው ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ሮጦ መቅለብ ነው። እኔ ዛሬም እንደማደርገው በርክሌ ሆስፒታል አንሶላ አጥብ ነበር። ቤታችን ኦክላንድ ነው፤ ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ አብሬው እሄዳለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የጨዋታውንም ሕግ አላውቅም። የማውቀው፣ ኳሱን ሲይዝ ሦስት አራት ግዙፍ ልጆች እንደሚወድቁበት ነው። ያኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አጠገቤ የምትቀመጥ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፤ የእሷም ልጅ ይጫወታል። ክንዴን ነካ ታደርገኝና በእንግሊዝኛ «ተነሥቷል፣ ተነሥቷል» ስትለኝ እገልጣለሁ። የዚያን ዓመት ጨዋታ ገሚሱን የማስታውሰው በጆሮዬ ነው፤ ከበሮው፣ ፊሽካው፣ ራሳቸው ላይ የሚያደርጉት ሄልሜት ከሄልሜት ሲጋጭ።

ፓስተራችን የጸለየበት ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሻወር ሲገባ ሄልሜቱን በአንድ ጣቴ ቀባ አደርግ ነበር። አልነገርኩትም። ብነግረው «ማሚ፣ ፕሊስ» ነው የሚለኝ።

አንድ ሐሙስ ራት ላይ «ቅዳሜ ሊያዩኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ» አለኝ።

«የምን ሰዎች?»

«ከዩኒቨርሲቲ። ከወደዱኝ በስኮላርሺፕ ይወስዱኛል።»

«ወዴት?»

«ሌላ ስቴት፣ ማሚ። ዶንት ዎሪ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄልሜቱ አልበቃኝም። የሚታየው እጁ ነው ብዬ ጓንቱን አወጣሁ። መዳፉ ሙጫ ሙጫ ይላል። ይሄ ልጅ ጓንት እንኳን አያጥብም ብዬ በሙቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ከዚያ እየጸለይኩ መዳፉንም ጣቶቹንም ሳልሰስት በዘይት አሸሁት።

በጨዋታው ሦስት ኳስ መጣለት። ሦስቱም እንደ ሳሙና ከእጁ ሾለኩ። ላብ መስሎት ይሆናል፣ እጁን በሱሪው ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። ከሦስተኛው በኋላ አሰልጣኙ አስወጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሰዎች ጨዋታው ሳያልቅ ሄዱ። የቶንጋዋ ሴት «ዛሬ እጁ ምን ነካው?» አለችኝ። ቦርሳዬን አየሁ። ያኔ ገባኝ፤ ያ ሙጫ ለካ ኳሱን እንዲይዝለት ኖሯል፣ እኔ በዘይት አጠፋሁት።

ቤት ስንደርስ ጫማውን እየፈታ፣ «አይ ሎስት ኢት፣ ማሚ። መቅለቡ ጠፍቶብኛል። ልተወው መሰለኝ» አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ከተወው ማንም አይወድቅበትም፤ ሌላ ስቴትም አይሄድብኝም። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ የቴኒስ ኳስ ከግድግዳው ጋር እያነጠረ ይቀልባል። አንዷም አታመልጠውም። ግን በያዘ ቁጥር መዳፉን ገልብጦ ያያል፤ የሰው እጅ እንደተሰጠው ሁሉ። እሱን ማየት አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ጓንትህን ዘይት ቀብቼው ነው።»

«ዋት ዘይት?»

«የጸሎቱን።»

ጓንቱን ከሻንጣው አውጥቶ አሸተተው። ሊቆጣ ነው ስል ምንጣፉ ላይ ተንጋሎ እስኪያስለው ሳቀ። «የወይራ ዘይት? ማሚ፣ እኔ ሰላጣ ነኝ?»

ሲበርድለት ቀና አለ። «ግን ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ?»

«እንድትተወው ፈልጌ።»

ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ተነሥቶ መጣና፣ ያ ሁሉ ቁመት፣ ፊቴ አንገቱን ደፋ። «እዚህ አድርጊው» አለኝ አናቱን እያሳየኝ። «እጄን ግን ተዪልኝ።»

ማክሰኞ ፈረቃ ቀይሬ ጠርሙሱን ይዤ አሰልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። ልጄ እያፈረ አስተረጎመልኝ። አሰልጣኙ ጓንቱን አሸተተ፣ እኔን አየ፣ ጠርሙሱን አየ። «ይሄን ለተጋጣሚዎቻችን ትቀቢልናለሽ?» አለ። ለሚቀጥለው ጨዋታ ልጄን ከመጀመሪያው አስገባው።

ቡድኑ የትም አልደረሰም፤ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። ልጄ ግን ቀለበ። እኔም ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ዓይኔን ገልጬ አየሁት። ሲወድቅም፣ ሲነሣም። የቶንጋዋ ሴት ክንዴን መንካቱን አልተወችም፤ ለምዶባት ነው። ጨዋታዎቹ ሲያልቁ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቪዲዮውን አይቶ ወሰደው። እዚያም በአውሮፕላን ነው የሚኬደው።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት በቪዲዮ ይደውልልኛል። ለወሬ ጊዜ የለውም። አንገቱን ደፍቶ አናቱን ወደ ካሜራው ያስጠጋል፤ ፊቱ ይጠፋና ፀጉሩ ብቻ ይታየኛል። ጣቴን ዘይት አስነክቼ ስልኩን እቀባለሁ።

«ጨረስሽ?» ይላል ከዚያ ማዶ።

«ቆይ፣ ትንሽ ቆይ» እለዋለሁ።

ሲዘጋ መስታወቱ ላይ የጣቴ ቅባት ይቀራል። እስኪመሽ አልጠርገውም።