እርሾም ሕይወት አለው

ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ሊጥ የማቦካው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የልጄን የባዮሎጂ መጽሐፍ ሳገላብጥ እርሾ ሕይወት እንዳለው አነበብኩ። ወሬ ደግሞ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ማታ ገበታ ላይ ዘረገፍኩት።

"እርሾ ማለት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው። አንዷ ሕዋስ ብቻዋን ሙሉ ቤት ናት። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚመርጥ ስስ ሽፋን አላት፤ ውስጧ ሥራውን የሚመራ አስኳል አለ። ስኳር በልታ የምታወጣው አየር ነው ዳቦውን የሚነፋው።"

ሁዳዴ ነበር። አማቴ የያዙትን ቁራሽ ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት።

"ሕይወት ያለው ነገር ነው በጾም ስታበይኝ የከረምሽው?"

"ምድጃ ውስጥ እኮ ይሞታል፣ እማዬ።"

"ጭራሽ ገድለሽ።"

ዳቦ ተዉ። ባለቤቴ ሊቀልድ ብሎ እንጀራውም በእርሾ ነው የሚቦካው ሲላቸው እሱንም ተዉት። የቀራቸው በቆልት ብቻ ሆነ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግድግዳ መደገፍ ጀመሩ።

"ተሳስቻለሁ በያት፣ ይለቅልን" አለኝ ባለቤቴ። መጽሐፉን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቅሎታል። "አንቺን ደግሞ ማን ለፈተና ያስቀምጥሻል?"

"አልተሳሳትኩማ።"

"እናቴ ትራብ?"

"አይራቡም። እኔም ያልተሳሳትኩትን ተሳስቻለሁ አልልም።"

በዕድሜዬ ስንቱን እሺ ብዬ አሳልፌያለሁ። ይቺን ግን ማንም ሳያስተምረኝ፣ በሊጥ እጄ ገጽ እየገለጥኩ ያገኘኋት ናት። አልመልሳትም።

አማቴ በቆልታቸውን እየላጡ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ይሄን ባቄላ ማን አበቀለው?"

"እኔ ነኛ። ነክሬ፣ ጠቅልዬ።"

"የሞተ ነገር ይበቅላል?"

ነጯን ቡቃያ በጣታቸው ይዘው አገላብጠው አዩዋት።

"ባቄላውም፣ ጎመኑም፣ ሽንኩርቱም በሕዋስ ነው የተሠራው። እንዲያውም የእነሱ ሕዋስ ከሽፋኑ ውጪ ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ የበግ ሕዋስ ያ የለውም። እርስዎ የጾሙት ሥጋና ወተቱን ነው እንጂ ሕይወት ያለውን ሁሉ አይደለም።"

"እንዳንቺማ ቢሆን" አሉ፣ "የሚቀረኝ ጨውና ውሃ ነው።" ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። "በይ ቁረሺልኝ። ወፈር አድርጊው።"

ቆረስኩላቸው። ከዚያ ወንበር ስቤ፣ ባለቤቴ እያየ፣ መጽሐፌን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አወረድኩ።

"ጮክ ብለሽ አንብቢ" አሉ አማቴ እያኘኩ፣ "ይሄም ልጄ ይስማ።"