የአባቴ ጥቅሶች

አባቴ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ሆኖም ስለ ልጆች ንባብ የሚጽፉ ሰዎች ስሙን ሳይጠቅሱ አያልፉም። የምጽፈው እኔ፣ የሚጠቀሰው እሱ።

እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የውጭ መጽሔቶች ግን የመጨረሻውን ስም ይይዙና የፊተኛውን አንድ ፊደልና ነጥብ አድርገው ይተዉታል። እናቴ አምጣ ወልዳ ብቻዋን ያወጣችልኝ ስም ነጥብ ሆኖ ቀረ። ብቻዋን የምለው አባቴ እኔ ሳልወለድ ከላምበረት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ስለሄደ ነው። እዚያው አግብቶ ወለደ አሉ። የእሱን ስም ከኋላዬ ያስጻፈችውም እናቴ ናት፤ ልጅ ያለ አባት ስም አይመዘገብም ብለዋት።

የመጀመሪያ ጽሑፌን ለአንድ የውጭ መጽሔት ስልክ «የቤተሰብ ስም» የሚል ክፍት ቦታ መጣብኝ። የምን የቤተሰብ ስም? የራሴን ሞላሁበት። ጽሑፉ ከእንጦጦ ሥር ስላሉ ትምህርት ቤቶች ነበር። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የመምህሯ ድምፅ አይሰማም፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ጣታቸውን ፊደል ላይ እንዳደረጉ እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ከእነሱ ጋር አግዳሚው ላይ ተጣብቄ ስንት ዝናብ አሳልፌያለሁ። ያ ጽሑፍ ተወደደልኝ፤ ብዙ ሰው ጠቀሰው። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ግን አዘጋጆቹ ስሜን በፓስፖርቴ መሠረት «አስተካከሉልኝ»። በዚህ ምክንያት ኢንተርኔቱ ሁለት ሰው አደረገኝ፤ አንዷ በራሷ ስም፣ ሌላዋ በአባቷ።

ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሳመለክት የኮሚቴው ሰብሳቢ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

«ይቺ ሌላ ሰው ናት» አለ፣ የዝናቡን ጽሑፍ እያሳየኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ መሆንዎን ሲስተሙ አያውቅም። ያለ እሷ ደግሞ የጥቅስዎ ቁጥር ለማዕረጉ አይሞላም። በፓስፖርቱ ስም አንድ ላይ ያጠቃልሉት።»

«በራሴ ስም ባጠቃልለውስ?»

«ምን ልዩነት አለው? አባት እኮ ነው!»

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ማዕረጉን እፈልገዋለሁ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ አልፈውኝ ሄደዋል።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያለችው የእናቴ ሱቅ ገብቼ ብሶቴን ዘረገፍኩት። ምስር እየለቀመች አዳመጠችኝ።

«ታዲያ እሱ ምን ጻፈ?» አለች።

«ምንም። ስሙ ነው እንጂ።»

«ከጠቀመሽ አድርጊው። ስሙ እንኳ አንድ ቀን ይሥራ።»

ሳቅን። የእኔ ግን ከአንጀቴ አልነበረም። ቤት ገብቼ ጥቅስ ለሚቆጥረው ድረ ገጽ ሰዎች ጻፍኩ፤ አጠቃለሉልኝ። የዝናቡም ጽሑፍ የእሱ ሆነ። በራሴ ስም የምታወቅበት ያ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ማዕረጉ ጸደቀልኝ፤ ባልደረቦቼ ኬክ ቆረሱልኝ፤ እኔም በላሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሰሜን መምህር በኢሜይል ስልኬን ጠየቀኝ። ስለ ጽሑፎቼ ሊያወያየኝ መስሎኝ ሰጠሁት። የደወለው ግን አንድ ሽማግሌ ነው።

«ልጄ ለትምህርቱ ሲያነብ ስሜን አግኝቶ አሳየኝ፤ ስልክሽንም በመምህሩ አስጠየቅኩ» አለ። «የአዲስ አበባዋ ልጄ ትሆን እንዴ ብዬ ነው። ሴት መሆንሽንማ ሰምቼ ነበር።»

«ነኝ» አልኩ።

«ስሜን አስጠራሽው! እዚህ አገሩ ሁሉ እያወራው ነው። ኮራሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምኩለት ስድብ ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። «እርስዎ ደህና ነዎት?»

«ምነው፣ አባትሽን አንቱ ትያለሽ?»

«ሌላ አልለመድኩም።»

«ያንቺን ስም ግን አሳጥረውታል፤ አንድ ፊደል ብቻ ነው ያለው። እናትሽ ማን ብላ ነው ያወጣችልሽ?»

ነገርኩት።

«አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» አለ።

አልደገምኩለትም።