ከስንኜ መሀል የገባው ምት

መጀመሪያ የቀናሁት በእጆቹ ነው። የአክስቴ ልጅ ከደባርቅ ወደ ዳባት፣ እኛ ቤት በመጣ ቁጥር ጠረጴዛውን፣ ጉልበቱን፣ የውሃ ጀሪካኑን ይደበድባል። እናቴ «እረፍ፣ ቤቱን አታፍርስብኝ» ትለዋለች፤ እየሳቀች። እኔ ግጥሜን ሳነብላት ግን ዓይኗ ከምስሩ አይነሣም፤ ጠጠር ትለቅማለች።

ከዚያ ጎንደር የምትሠራው እኅቱ ፓድ የሚሉትን የምት መሣሪያ ገዝታ ላከችለት። ስፋቱ ከደብተር አይበልጥም። ላዩ ላይ አሥራ ስድስት የላስቲክ ካሬዎች አሉ፤ በጣት ሲነኩ ይበራሉ፣ እያንዳንዱም የተሞላበትን ድምፅ ያወጣል። አንዱ ጭብጨባ ነው፣ አንዱ የቆርቆሮ በር ሲዘጋ፣ አንዱ የራሱ የአክስቴ ልጅ ሳል። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ጠፍቶ ደባርቅ ሁሉ ጨለማ ሲሆን የሱ ካሬዎች ይበራሉ። ይህንንም እንደ በደል ቆጠርኩበት።

ደባርቅ ባለው የወጣቶች አዳራሽ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ግጥም እናነባለን። እሱ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማን ሰው ጥቂት ነበር። ቢሆንም ከዚያ ጥቂት ሰው አንዱ በር ላይ ጠብቆ «ያቺን ስንኝ ድገሚልኝ» ይለኛል፤ አፉ ላይ ሁለት ሦስቴ ያመላልሳትና ይዟት ይሄዳል። እኔን ግጥም ያስተማረኝ የለም። ከሬዲዮ፣ ከለቅሶ ቤት አልቃሾች፣ ሽፋን ከሌላቸው መጻሕፍት ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የጻፍኩት ግጥም መሆኑን የማምነው በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ብቻ ነበር።

እሱ ፓዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎኔ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ አዳራሹ ሞላ። በር ላይ የምሰማው ግን ሌላ ሆነ።

«ቢቱ ይገርማል። የማን ልጅ ነው?»

«ጣቱ እኮ አይታይም።»

አንዷ ደግሞ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «አንቺ ከኋላ የምታነቢዋ ነሽ አይደል?» አለችኝ። የቆምኩት ከፊት ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ «ድገሚልኝ» ያለኝ አልነበረም። በዚህ መሀል ዐቢይ ጾም ገባ። እኔም አዲስ ግጥም ጽፌ ነበር፤ መክፈቻው እንዲህ ይላል፦

ጉሙ ደጅ አይጠናም፣ ሳይጠራ ይገባል፤
የኔ እግር ምን ሆኖ ደጅህ ላይ ያረጃል?

ይህችን ማንም እንዳይነጥቀኝ ፈለግሁ። ለልምምድ እነሱ ቤት ስሄድ የአክስቴ ልጅ ጓዳ ተቀምጦ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነበር። በጥምቀት ከደብራቸው በስልኩ ቀድቶ፣ ቆራርጦ ካሬዎቹ ላይ ሞልቶታል። እሱ ሲመታው ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ፤ የኔ ስንኝ ከሥሩ የት እንደምትገባ አላየሁም።

«አባባ ይሰሙሃል» አልኩት።

«በጆሮ ማዳመጫ ማን ይሰማል?»

አባቱ የአቋቋም፣ የማሕሌቱ ዝማሜና ሽብሸባ፣ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል እንደሚያርፉ፣ ካህናቱም መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው እንደሚዘምሙ ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። የሳቸው ልጅ ግን ጣቱ ሲያሳክከው ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና በቀጥታ ወደ የኔታ ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር ከሦስት ተማሪዎቻቸው ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ልጅዎ በጾም ከበሮ እየመታ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ለጾሙ ተቆርቁሬ ነው።»

«አንቺ ትጾሚያለሽ?»

«እስከ ስድስት ሰዓት።»

«እስከ ስድስት ሰዓት የሚቆረቆር ጾመኛ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ተማሪዎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «በይ ጥሪው። ያንንም ዕቃ ይዞ ይምጣ።»

ፓዱን መሬት ላይ እንደሚሰብሩት አልተጠራጠርኩም። ልጁ መጥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠው፣ ማዳመጫውን ነቀለ። የኔታ አንዱን ካሬ በሌባ ጣታቸው ነኩት። ድም አለ። እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ጥቂት ቆይተው እንደገና ነኩት።

«ይሄ የኛ ደብር ከበሮ ነው። ትንሹ ፊቱ ላልቷል። ጠፍሩን አጥብቁት ብዬ ነበር።»

«አዎ አባባ።»

«ጾሙ እስኪፈታ ከበሮውን ከዚህ ዕቃ ላይ አውርደው።»

«ታዲያ በምን ልምታ?»

«እኛስ በምን ነው የከረምነው?» መቋሚያቸውን አነሡና ጫፉን መሬት ላይ ጣሉት። ጠብ የሚል አንድ ደረቅ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ጣሉት ደግሞ። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አፈሩ ላይ ተንበረከከ፣ ቀዳ። ሲጨርስ የኔታ የልጃቸውን እጅ ይዘው በእጁ ጀርባ ላይ በጣታቸው ያሳዩት ጀመር፤ የት እንደሚመታ፣ ይልቁንም የት እንደማይመታ። «አትቸኩል። ቃሉ ይለፍ። ቃሉ ካለፈ በኋላ ነው ያንተ ተራ።»

እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜ አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ግቢ ከአጥሩ ጋ ነው የማውቀው፤ ለሴት ልጅ አቋቋም የሚያስተምር አልነበረም። እኔ ከየቦታው የለቀምኩትን እሱ በገዛ እጁ ጀርባ ላይ ተቀበለው። ያንንም ያመጣሁለት እኔ ነኝ።

ወደ ጓዳ ስንመለስ፣ «አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ አደረግሽ። እኔ አስተምሩኝ ብላቸው እሺ አይሉም ነበር።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በልምምዱ ላይ «አይጠናም ካልሽ በኋላ ጠብቂኝ» አለኝ። ስንኜ መሀል መቆም አልፈልግም ብዬ ተከራከርኩ። «ቃሉ ይለፍ» አለኝ፤ ያባቱን ድምፅ አውጥቶ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። «ጉሙ ደጅ አይጠናም» ብዬ ቆምኩ። እሱ አንድ ካሬ ነካ፤ የየኔታ መቋሚያ አፈሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ዝም። የሰው ልብስ ሲንኮሻኮሽ፣ የራሴ ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ። «ሳይጠራ ይገባል።» እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሄድን። ስንጨርስ ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ፤ እንደ ወትሮውም አልነበረም። በር ላይ ትንሽ ቆየሁ። አንድም ሰው አላናገረኝም፤ ስለ ቢቱም ያወራ የለም። ሁለታችንም ከሸፍን ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። የኔ መክሸፍ ቢያመኝም የሱ ካሰው።

ሰኞ ወደ ዳባት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሾፌሩ በቀስታ ይነዳል። አንደኛው ወደ መስኮቱ ዞሮ፣

«ጉሙ ደጅ አይጠናም» አለ።

ልጁ ጠበቀ። ጉልበቱን አንዴ በመዳፉ መታ። ከዚያ ነው «ሳይጠራ ይገባል» ያለው።

«የቅዳሜዋ ናት?» አለ ጓደኛው።

«አዎ።»

«የማን ናት?»

«እንጃ። የዚያች ልጅና የዚያ ልጅ።»

የኔ ብቻ ናት ልለው ዞርኩ። ሁለቱም «ምን ፈለግሽ?» በሚል ዓይን አዩኝ፤ አላወቁኝም። «ድገማት እስቲ» አልኩት። አላፈረም፣ ደገማት፤ በዚያችው ቦታ ቆም ብሎ ጉልበቱን መታ።

ወደ ፊት ዞሬ ተቀመጥኩ። እስከ ዳባት ድረስ ስንኜን ያለ ምቱ ልላት በልቤ ሞከርኩ። «አይጠናም» ላይ በደረስኩ ቁጥር ጣቴ ቦርሳዬን ቀድማኝ ትመታለች።