አያ ዋሴ የጠፋባቸው ቃል

ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ እኔና ታላቅ እህቴ የሺ ከጎንደር ጭልጋ እንሄድ ነበር፤ ወደ እናታችን አባት፣ ወደ አያ ዋሴ ቤት። ከዚያ ቤት ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ዓይን የሚለበልበውን ጭስና ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ተረት የሚነግሩንን ሽማግሌ ነው። አያ ዋሴ በቃል አይቸኩሉም ነበር። ጅቡ «ሄደ» አይሉም፤ ወይ አደፈጠ፣ ወይ ሾለከ፣ ወይ ተንደረደረ ነው የሚሉት። እኛም በዚያች አንዲት ቃል በጉ ሊበላ መሆኑን ወይም ሊተርፍ መሆኑን ገምተን እንተቃቀፋለን።

ስምንተኛ ክፍል በደረስኩበት ዓመት አያ ዋሴን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ሐኪም ቤት እንዲቀርባቸው ብላ እናቴ ከፒያሳ ቁልቁል ወዳለችው ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤታችን አመጣቻቸው። ከእጅና ከእግራቸው ይልቅ ያሰቃያቸው ግን አንደበታቸው ነበር። ሐሳቡ አለ፤ የሚያመልጣቸው ቃሉ ነው። ውሃ ሲጠማቸው «ወንዝ» ይላሉ፤ ጋቢ ፈልገው «ጥጥ» ይላሉ። መሳሳታቸው ወዲያው ይታወቃቸውና በግራ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይመታሉ።

ያኔ እኔም ቃል ፍለጋ ላይ ነበርኩ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ ነበር፤ ከፈተናው ሁሉ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳኝ በእንግሊዝኛው ውስጥ «ከተሰመረበት ቃል ጋር የሚመሳሰለውን ምረጡ» የሚለው ክፍል ነበር። የሺ በዚያው ፈተና ወድቃ ትምህርቱን ትታ ገበያ ቲማቲም ትሸጥ ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ፈተና ሲነሳ የእናቴ ፊት ይጠቁራል። የሺ ግን «አንቺ ታልፊያለሽ፤ አልኩሽ!» ብላ አሮጌ የጥያቄ መጽሐፍ ገዝታ አመጣችልኝ። መምህራችንም «ልክ አንድ የሆነ ቃል አትፈልጉ፣ አታገኙም። በጣም የሚቀርበውን ፈልጉ» ይለን ነበር። ሲመሽ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ግላድ፣ ሃፒ፤ ሲክ፣ ኢል» እያልኩ ስሸመድድ አያ ዋሴ ከአልጋቸው ሆነው ከንፈሬን ያያሉ።

አንድ ምሽት እንደ ድሮው ተረት ሊነግሩን ሞከሩ። «ጦጣዋ ተቀመጠች» አሉና አይደለም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተደበቀች?» አለች የሺ እየሳቀች።

እጃቸውን በአየር ላይ አወዛወዙ።

«አደባች?» አልኩ እኔ። ይሄኔ እጄን ጥብቅ አድርገው ጨበጡት።

ከዚያ ወዲያ የእኛ ተረት እንዲህ ሆነ። ከራቅን አልጋውን ይመታሉ፤ ከቀረብን እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ካገኘንላቸው ይጨብጡናል። ተረቱ ከአንድ ምሽት ወደ ሌላው እየተንጓተተ፣ ጦጣዋ ከዛፏ ሳትወርድ ፈተናው ደረሰ።

ያ የሰኔ ቀን ከማለዳው ጀምሮ ከብዶ ነበር የዋለው። እናታችን ማክሰኝት ለቅሶ ሄዳለች። ወደ ማታ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ወረደ፤ መብራት ጠፋ። የሺ ከገበያ በስብሳ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ገባች። ከሰል አያያዘችና ገና ሳይቀላ ምድጃውን አንጠልጥላ ልብሷን ልትቀይር ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። «ብርዱ እንዳይገባብኝ» ብላ በሩን ስትቀረቅረው ሰምቻለሁ። እኔ ሻማ ለኩሼ መጽሐፌ ላይ አቀረቀርኩ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ የራሴን ድምፅ እንኳ አያሰማኝም ነበር። የአያ ዋሴ አልጋ ግን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ካለው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው፤ ከወዲያ የሚሆነው ይሰማቸዋል።

«ተኛች» አሉ።

«ትተኛ፣ አያ። ደክሟት ነው» አልኩ ዓይኔን ሳላነሳ።

አልጋውን መቱት። «ተኛች! ደመና... ተኛች!»

«አዎ፣ ዝናብ ነው። አሁን ያባራል።»

እንደገና መቱት፤ በጣም መቱት። ቀና ስል ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ወደተዘጋው በር ተዘርግቷል። ተረት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። መጽሐፉን ወርውሬ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«የሺን ነው?»

እጃቸው ተወዛወዘ።

«ወደቀች?» ተወዛወዘ። «አመማት?» አሁንም ተወዛወዘ፤ ቀርቤያለሁ፣ ግን አላገኘሁትም። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣልኝ የሸመደድኩት እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ ሲክ፣ ኢል፣ ዊክ፤ አንዱም አይረባኝም። ደመና ምንድን ነው? ደመና ምን ይመስላል? ጥቁር ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይሸፍናል...

«ጭስ?»

ክንዴን ያዙኝ።

«የከሰሉ ጭስ... አፈናት?»

እጄን ሲጨብጡት አጥንቴ የተሰበረ መሰለኝ። በሩን በትከሻዬ መታሁት፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። «የሺ! የሺዬ!» ብል መልስ የለም። ወደ ደጅ ወጥቼ በዝናቡ ውስጥ ጮህኩ። ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ ባጃጁን ገና ማቆሙ ነበር።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«የሺ! ከሰል!»

ሌላ አልጠየቀኝም። በአንድ ርግጫ መቀርቀሪያው ተገነጠለ። የሺ ግማሽ ልብሷን እንደለበሰች ምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ወድቃለች። ብብቷን ይዘን ጎትተን አወጣናትና ዝናቡ ላይ አጋደምናት። ጋሽ ሞላ ጉንጯን ይመታል፤ እኔ ስሟን እጠራለሁ፤ ከቤት ውስጥ ደግሞ አያ ዋሴ አልጋውን ሲመቱ ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነች ንገሩኝ ማለታቸው ነበር። በመጨረሻ አስታወከችና ረጅም የሚያቃስት ትንፋሽ ተነፈሰች። «አለች!» ብዬ ወደ ቤቱ ጮህኩ። አልጋው ዝም አለ።

በባጃጁ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ሌሊቱን ኦክስጅን ተደርጎላት አደረች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ...» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ተወው።

በዚያው ሳምንት ተፈተንሁ። የተሰመረባቸው ቃላት ጋ ስደርስ እርሳሱን ሁለቴ ጣልኩት፤ ቢሆንም አለፍኩ፣ ለጥቂት። አያ ዋሴ ግን አዲሱን ዓመት አላዩትም። ጦጣዋ ምን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም። ከእሳቸው የቀረኝ ተረት አይደለም። አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ ቃል ሲጠፋበት፣ ባንክ ሰልፍ ላይም ይሁን ታክሲ ውስጥ፣ ጥዬው ማለፍ አልችልም፤ የሚቀርበውን ቃል እያቀበልኩት እቆማለሁ።

የሺ ስለዚያ ምሽት ለዓመታት ምንም አላለችም። ልጅ ከወለደች በኋላ፣ አራስ ቤት ልጠይቃት ሄጄ፣ ሕፃኑን እያጠባች ሳልጠይቃት ጀመረች።

«እሰማችሁ ነበር እኮ» አለች። «አንቺ ስትጠይቂ፣ አያ አልጋውን ሲመቱ። ተረት የያዛችሁ ነበር የመሰለኝ። ልጠራሽ ብዬ አፌ እንቢ አለኝ።»

ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረች።

«ከዚያ ዝም አላችሁ» አለች። «የፈራሁት ያኔ ነው። ተረታችሁን ጨርሳችሁ የተኛችሁ መሰለኝ።»

እኔ ያችን ዝምታ አላስታውሳትም። ለእኔ ከአልጋው አጠገብ ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ ድረስ የቆየች አንዲት ትንፋሽ ነበረች፤ እየሮጥኩላት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ለተኛችው እህቴ ግን ያቺው ትንፋሽ ሁላችንም ትተናት የሄድንባት ጊዜ ነበረች።