ገበያው ከድልድዩ በላይ

በስደት በምኖርባት ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ ጃማይካዊ አዛውንት አስታምም ነበር። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ስለያዘው እርሳስ መጨበጥ አይችሉም። የልጅ ልጃቸው ጃማይካ ውስጥ እሳቸው የተወለዱበትን ትንሽ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ስትነሳ፣ «የእናቴን መቃብር የምታገኝበት ካርታ ሳዪልኝ» አሉኝ። ስልክ ላይ ብንፈልግ ሸለቆ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መንገድ እንጂ ሌላ ነገር አልታየንም።

ቀላል መስሎኝ ነበር። በየቀኑ ምሳቸውን ካበላኋቸው በኋላ ወረቀት አወጣለሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እስላለሁ።

«ገበያው ከድልድዩ በላይ ነው።»

ከድልድዩ በላይ እስለዋለሁ።

«እዚያ አይደለም! እየሰማሽኝ ነው?»

ሦስት ወረቀት ቀደን ጣልን። በአራተኛው ትዕግስቴ አለቀና እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰዓሊ አይደለሁም!» ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት ስለሚከብደኝ ነው፤ ለምደውታል።

አፈርኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «በላይ ሲሉኝ ወደ ሰሜን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

«ሰሜን ምን ያደርግልኛል? ላይ ወንዙ የሚመጣበት ነው፤ ታች የሚሄድበት ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ሰሜንን ወረቀቱ አናት ላይ አድርጌ ስለፋ ከርሜያለሁ! «ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልነገሩኝም?»

«ይህንንማ ማን ያጣዋል?»

ወንዙን ከወረቀቱ አናት አስነስቼ እንደገና ጀመርኩ። ገበያው፣ የተዘጋው ስኳር ፋብሪካ፣ የሙዝ እርሻው፣ ፀሐይ በጊዜ የምትጠልቅበት ኮረብታ፣ ጎርፍ የማይደርስበት መቃብር፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። አተኩረው አዩትና «ኮረብታው አነሰ» አሉ። አሳደግሁት።

ልጅቷ ካርታውን ይዛ ሄደች። እሁድ ዕለት በቪዲዮ ደወለች። «አያቴ፣ ድልድዩ የለም። ድሮ ጎርፍ ወስዶት አዲሱን ሌላ ቦታ ሠርተውታል። በካርታው ስዞር ውዬ፣ በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ናቸው ወስደው ያሳዩኝ።» ስልኩን ወደ መቃብሩ አዞረችው። ድንጋዩ ሣር ውጦት ጫፉ ብቻ ይታያል። እሳቸው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ። «ድልድዩን የት አድርገሽው ነው?»

ሺፍቴ አልቆ ኮቴን ለብሼ ቆሜያለሁ፤ አውቶቡሴ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አየሁት።

«ያሉኝ ቦታ ላይ» አልኳቸው።

አላመኑኝም።