ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት የባትሪ ድንጋይ

ብቻውን ከሚበላ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር አልችልም። ሰካራም ይሻለኛል፤ ሰካራም እንኳ «ቅመሱ» ይላል። ስለዚህ ቤቴ ማንጎ ማንጎ መሽተት ሲጀምር ደሜ ፈላ።

ቤቴ ስል ሮማ ውስጥ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። የኪራይ ነው። ግን የሰው ሽማግሌ ሳጥብና የሰው ወለል ስወለውል ውዬ፣ ስንት ዘመን ማታ ማታ ጉልበቴን እያሸሁ የገባሁት እዚህ ስለሆነ ቤቴ እላለሁ። ማን ይከለክለኛል?

ማንጎ በመብላት የጠረጠርኩት ደባሌን ነው። ጺሙ እንደ ባሕታዊ የወረደ ጎልማሳ ነው። አንድ የካቲት እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያገራችን ሰው ካርቶን ላይ ይተኛል» ብለው ነገሩኝ። ሄጄ አየሁት። ካርቶኑ ዝናብ ጠጥቶ ረጥቧል፣ እሱ ደግሞ ጫማውን ተንተርሷል። «ተነሣ» አልኩት፤ ተነሣ። አሁን አንድ ሬስቶራንት ማታ ማታ ሳህን ያጥባል፣ ቀን ቀን ይተኛል።

ችግሩ ኮንትራቴ ነው። ከእኔ ሌላ ማንም እዚያ ቤት እንዳይኖር ተጽፎበታል። ፓድሮኔው፣ የቤቱ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ቤቱን ለቱሪስት ማከራየት ካማረው ቆይቷል፤ እኔን የሚያስወጣበት ሰበብ ነው ያጣው። ደባሌን ያገኘ ዕለት ሁለታችንም ሻንጣችንን ይዘን መንገድ ላይ ነን። እኔ ምናልባት ከማኅበር እኅቶቼ አንዷ ታስጠጋኝ ይሆናል። እሱ ግን የሚመለሰው ወደ ካርቶኑ ነው። ስለዚህ ሲገባም ሲወጣም እንደ ድመት ኮቴ የለውም።

ለእሱ ያወጣሁለት ሕግ ቀላል ነው። ቤቴ ውስጥ ሲጋራ አይጨስም፤ የተገኘ ነገር ለብቻ አይበላም። አለቀ።

«አንተ!» አልኩት አንድ ቀን፣ «ምን በልተህ ነው?»

«ምንም አልበላሁም እማማ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው የሚሸተው?»

አፍንጫውን ወደ ላይ ቀሰር አድርጎ አሸተተና «እኔ እንጃ» አለኝ። እኔ እንጃ ይለኛል! አርባ ምንጭ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ላደግሁ ሴት!

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ኋላ አልነገረችኝም እንዳትል» ብዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ከታች ካለው ከቤንጋሊው ሱቅ ማንጎ ገዝቶ መጣ። ግድግዳ ላይ ብትወረውሩት ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ እንደዚያ የጠጠረ ማንጎ። «ይቆይ፣ ይበስላል» አለኝ። ቤቱ ግን የሚሸተው የበሰለ ማንጎ ነው። አሃ፣ ጥሬውን ለእኔ፣ የበሰለውን ለራሱ! እሱ ሥራ ሲሄድ አልጋው ሥር ገባሁ፣ ቆሻሻውን በረበርኩ። ልጣጭ የለም፣ ፍሬ የለም። ከነፍሬው ይውጠዋል እንዴ ይሄ ሰው እያልኩ ሰነበትኩ።

ከዚያ ልብስ የማጥብበት ቀን መጣ። ከሱሪው ኪስ ቁልፍ ወጣ፣ ሳንቲም ወጣ፣ ከእነሱ ጋር ተደባልቀው ደግሞ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ወጡ። ከአውራ ጣቴ ወፈር ይላሉ፤ ሐምራዊ ልብስ ለብሰዋል። ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት።

«ይሄ ምንድነው?»

ዓይኑ ተበለጠጠ። «እ... የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው እማማ። የሬስቶራንቱ ምድር ቤት መብራት የለውም።»

«ይሠራሉ?»

«ደክመዋል» አለና ወደ ግድግዳው ተገላበጠ።

የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ያገሬ ሰው አለ? አባቴ ሬዲዮ ነበረው። ዜናው መሐል ላይ ድምፁ ሲሰልል ድንጋዮቹን ያወጣና በክራንቻው ነከስ ነከስ አድርጎ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። ማታ ነፍስ ይዘራሉ፣ እኛም ዜናችንን እንሰማለን። ልጁም ደክሟል፣ ድንጋዮቹም ደክመዋል፤ እስቲ ልርዳው አልኩ። በማንጎው ብቀየመውም አንጀቴ አልቻለም።

ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው፣ ግን የዋዛ እንዳይመስላችሁ። በረንዳ ወጥቼ አንዱን ነከስኩት፤ እምቢ አለኝ። ጠበቅ አድርጌ ስደግመው ሐምራዊ ልብሱ ተተረተረ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግሁት። በረንዳዋ ከእኔ ጋር የተያያዘ ጎረቤቴ፣ አሮጊቷ ጣልያን ሲኞራ፣ ልብስ ማስጣቷን ትታ ታየኛለች።

«ምን እየበላሽ ነው?» አለችኝ።

«መድኃኒት ነው» አልኳት። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ጣልያንኛ የለኝም።

በረንዳው ላይ በርበሬዬ በትልቅ የብረት ትሪ ተሰጥቷል። የሮማ ሐምሌ ነው፤ ትሪው እጅ አያስነካም። ድንጋዮቹን በርበሬው መሐል ጎን ለጎን አስተኛኋቸውና ዕቃ ላጥብ ገባሁ።

ብዙም ሳልቆይ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምድጃውን አየሁ፤ ጠፍቷል። ከዚያ ዷ! አለ።

የሚቃጠል በርበሬ ጢስ ያልማገ ሰው ሳል የሚባለውን ነገር አያውቀውም። ከላይ ፎቅ አስነጠሱ፣ ከታች ፎቅ ሳሉ፣ ጎረቤቴ «ማዶና!» እያለች እመቤታችንን ጠርታ መስኮቷን ድርግም አደረገችው። እኔ ነጠላዬን እጄ ላይ ጠቅልዬ ትሪውን ላነሣ ስንደረደር ደባሌ በቁምጣው ሮጦ ደረሰ።

«አይንኩት!» ብሎ ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝና የበረንዳውን በር ዘጋው። በዚያው ቅጽበት ሁለተኛው ድንጋይ እንደ ርችት ተፈናጥሮ መስታወቱን ሰነጠቀው። ፊቴ በነበረበት በኩል ነው። ጸጥ ካለ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ ከሩቁ ባልዲ ውኃ ደጋግሞ ደፋበት።

«እማማ፣ ምን አድርገውት ነው?»

«ነፍስ እንዲዘራ ነክሼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።»

«ነከሱት?» እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የሬዲዮ ድንጋይ አይደለም! ልብሱ ከተቀደደና ብረት ከነካው፣ ወይ ከተጎዳና ከጋለ፣ እሳት ነው! ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ እንኳ አይቀመጥም፤ ለብቻው የፕላስቲክ ማኅደር አለው።»

«ታዲያ አንተ ከነቁልፍህ ከነሳንቲምህ ይዘኸው የምትዞረው ለምንድነው?»

ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምን የሚሉት የእጅ ባትሪ ነው እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚበላው?»

አንገቱን ደፍቶ ወደ አልጋው ሄደና ከትራሱ ሥር አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ሽቦው ገና ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። ነቅሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። አጭር ዋሽንት ይመስላል።

«የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው፤ የነከሱት ትርፍ ድንጋዩን ነው» አለኝ።

አሸተትኩት። ማንጎ!

እግዜር ይይልኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ብቻውን አልበላም ማለት ነው! ቀጥሎ ግን የትራሱ ነገር ትዝ አለኝ። «አንተ እብድ! እሳት ተንተርሰህ ነው እንዴ እዚህ ቤት የምትተኛው?» ብዬ ለጥፊ እጄን ሳነሣ ደወሉ ጮኸ።

ፓድሮኔው ነበር። የሚኖረው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከጎረቤት አንዱ ደውሎለታል። ደባሌ ወደ ቁምሳጥኑ ሮጦ በቤተ ክርስቲያን ልብሶቼ መሐል ተወሸቀ፤ እኔም ጫማውን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረግሁት።

ፓድሮኔው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባ፤ ጎረቤቴም ተከትላው ገባች። በረንዳውን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ ከውኃው ውስጥ የተቃጠለውን ቀፎ በማንኪያ አወጣው።

«አሎራ፣» አለ፣ «ይሄ የኤሌክትሪክ ሲጋራ ባትሪ ነው። ልጄ እንዲህ ያለ አለው። ሲኞራ፣ እርስዎ ብቻዎን አይደሉም እንዴ የሚኖሩት? እዚህ ቤት የሚያጨሰው ማነው?»

ይህን ሲል ቁምሳጥኑ ሳለ። ደግነቱ ፓድሮኔውም ይስል ነበር፣ ሕንፃው በሙሉ ይስል ነበር፤ የማን ሳል እንደሆነ አልለየም። ግን ዓይኑ ቤቱን ማሰስ ጀመረ። ያ የረጠበ ካርቶን ድቅን አለብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቀ። ነጠላዬን አየ፣ አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አየና ደግሞ ሳቀ። «እርስዎ?»

ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። ከጠረጴዛው ብድግ አደረግሁት። በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላውቅም። እድሜ ልኬን ረቡዕና ዓርብ ያልሻርኩ ሴት፣ አፌ ላይ ደቅኜ እንደ ጠላ ሳብኩት። ትንሽ መብራት በራች። አልሳልኩም፤ ያን ሁሉ በርበሬ ከማግሁ በኋላ ይሄ ምን ያስለኛል? ማር ነበር። ጢሱን ወደ ፓድሮኔው ፊት ቡፍ አደረግሁለት፣ ቤቱ አርባ ምንጭ ሆነ።

ፓድሮኔው አላመነኝም። ወደ ጎረቤቴ ዞሮ «እውነት ነው?» አላት።

ይቺ ሴት የወጤን ሽታ ስታማርር የኖረች ናት። ደባሌን በየቀኑ ደረጃ ላይ ታየዋለች። ቁምሳጥኑም ሲስል ሰምታለች፤ ቀና ብላ አይታዋለች። ግን ከበላይዋ ያለው ቤት ለቱሪስት ከተከራየ ወዲህ የሻንጣ ጎማ ደረጃው ላይ ሲንኳኳ እንቅልፍ አጥታለች። ቁምሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች።

«እንደ ቱርክ ነው የምታጨሰው» አለች፤ ጣልያኖች ለለየለት አጫሽ እንዲህ ነው የሚሉት። «ባትሪውንም በጥርሷ ነው የምትነክሰው። መድኃኒት ነው ትላለች።»

ፓድሮኔው ሁለታችንንም እንደ እብድ አየን። በረንዳ ላይ በርበሬ እንዳይሰጣ፣ መስታወቱን እንዳሠራ፣ በዚህ እድሜዬ ደግሞ ለሳንባዬ እንዳስብ መክሮኝ፣ እሺ ይሁን ለማለት «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ» እያለ ወጣ። ጎረቤቴም በሩ ላይ ዓይኗን ጠቅሳኝ ሄደች።

ቁምሳጥኑ ተከፈተ። ደባሌ ዓይኑ ቀልቷል፤ በበርበሬው ይሁን በሌላ አልጠየቅሁትም። ልብሱን ሻንጣው ውስጥ ይጠቀጥቅ ጀመር። ጫማውን ከአልጋው ሥር ስቦ አወጣና አጠለቀ።

«ወዴት ነው?»

«እሄዳለሁ እማማ። ዓይንዎን ላጠፋው ነበር። ቤትዎንም ላሳጣዎ ነበር።»

«ወዴት ነው አልኩህ?»

«ቲቡርቲና።»

በሩ ላይ ቆምኩበት። ተናድጄ ነበር፣ እንባዬም መጥቶ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ላይ እንዴት እንደሚይዙት አላውቅም። «የምን ቲቡርቲና! አጫሽዋ እኔ፣ ከቤት የምትባረረው አንተ? ፓድሮኔው ነገ ተመልሶ መጥቶ ቤቱ ማንጎ ካልሸተተው ምን ልለው ነው? ማን ያጨስልኛል? ሻንጣውን አስቀምጥ! ግን ከነገ ጀምሮ ያ ድንጋይ በማኅደሩ ይቀመጣል፣ የሚሞላው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ነቅተህ፣ ዓይንህ እያየው። ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። ሻንጣውን ከእጁ ነጥቄ አልጋው ላይ ገለበጥኩት። ካልሲ ወደቀ፣ ሸሚዝ ወደቀ፣ ከሸሚዙ ውስጥ ደግሞ ያ ጠጣር ማንጎ ተንከባለለ። ለካ በስሏል፤ ቀልቷል። ለመንገድ ብሎ ከኩሽናዬ ወስዶታል።

«አየህ!» አልኩት፣ «ብቻህን ልትበላው ነበር!»

ቢላዋ አምጥቼ ሰጠሁት።